ቮልሴ እኔን ልታስመዘግብ የወሰደችኝ ቀን

ትናንት ጭንቅላቴ ትራሱን ከመንካቱ ራሴን ያገኘሁት በመኪና መመዝገቢያ ቢሮ ግቢ ውስጥ ነው። ቮልሴ ወገቤን በገመድ አስራ እየጎተተችኝ ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ!» አልኳት።

«ወረፋ ሊያልፈን ነው፤ ዝም ብለህ ና» አለችኝ።

በእውኑ ነገሩ ሌላ ነው። ቮልሴ የ1960 ሥሪት ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ሞተሯ ሲሞት አዲስ ሞተር ገጠምኩላት፤ ፍሬኗን ለወጥኩ፤ የደህንነት ቀበቶም ጨመርኩባት። ባለፈው ወር ደግሞ የድሮ መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ አይነዳም ስለተባለ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር በኩል ፈቃዱን ጠየቅኩላት። ፈቃዱ ከተገኘ በዓመት አርባ አምስት ቀን መንገድ ላይ ትወጣለች፤ የወጣችበት ቀን ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል። ካልተገኘ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ መቅረቷ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣኝ እሷን መንዳት ብቻ ስለሆነ እኔም አብሬያት መቅረቴ ነው።

በሕልሜ ግን የቢሮው ሠራተኞች ፋይል ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እኛ ባለጉዳዮቹ ጥላ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከረባት ያሰረ አንድ የክፍል ኃላፊ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አጎነበሰ።

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። እባክዎ ያስተናግዱኝ።»

«ኮፒ አምጥተዋል?» አልኩት። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«የምን ኮፒ?»

«የራስዎን።»

ሄደና ሁለት ሆኖ ተመለሰ።

በዚህ መሀል «የመርዕድ ባለቤት!» የሚል ጥሪ ተሰማ። መርዕድ እኔ ነኝ። ቮልሴ «አቤት!» ብላ ገመዴን ሳበችው።

መርማሪው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ኤንትሬ ነበር፤ ያ የድሮው ትልቁ የጭነት መኪና። ጠረጴዛውን አንድ ጎማው ብቻ ሞልቶታል። ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል እሷን ጠየቃት።

«የስንት ሥሪት ነው?»

«የሃምሳ ሁለት፣ ጋሼ።»

«ምን ምን ተለውጦበታል?»

«የግራ ጉልበቱና የላይ ጥርሱ። ሌላው እንዳለ ነው።»

«ቀለሙስ? መታወቂያው ላይ ፀጉሩ ጥቁር ይላል። ይሄ ነጭ ነው!»

«በራሱ ጊዜ ነው የነጣው፤ እኔ አልቀባሁትም።»

ኤንትሬው አጉረመረመና «እስቲ ይሳል» አለ። ሳልኩ። «ጭስ አለበት» ብሎ ጻፈ። «ጥሩምባውስ?» አለ። የምጮኸው ቢጠፋኝ «አስካለ!» ብዬ የሚስቴን ስም ጮህኩ። ግቢው በሙሉ ዞረ። «ይሰማል» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ አንዲት ደብተር ወረወረልኝ። «አርባ አምስት ቀን ነው የምፈቅድለት። ቀኖቹን አሁኑኑ ይምረጥ።»

እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ፋሲካን ጻፍኩ፤ ገናን ጻፍኩ፤ የልጄን የፌቨንን ልደት ጻፍኩ። በኔ ዕድሜ ለቅሶ ስለሚበዛ ለለቅሶ ብቻ ሃያ ቀን ያዝኩ። ለሐኪም አሥራ አምስት፣ ለፀጉር አስተካካይ ስድስት። አርባ አራተኛው ላይ ስደርስ ከአስካለ ጋር እንዲሁ ወጥቼ የምዞርበት ቀን አለመጻፌ ትዝ አለኝ። የቀረኝ አንድ ነው። በዓመት አንድ ቀን!

«የቀረውን ሦስት መቶ ሃያ ቀንስ ምን ልሆን ነው?» አልኩ።

«ሸራ ይለብሳል» አለ ኤንትሬው፣ ለእሷ።

«ደግሞስ ማን ያውቀዋል?» ብላ ገባችበት የመኪኖቹ ማኅበር ጸሐፊ፣ ሴይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ቀይ የጣሊያን መኪና። «አባል የሚሆነው የሚመሰክርለት ካለ ነው።»

ቮልሴ ሞተሯን አጠፋች።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለች። «ጠዋት አልነሳም ስለው ተሳድቦ አያውቅም። ወርዶ ይገፋኛል። ያ ጉልበቱ የተበላሸው እኔን ዳገት ሲገፋ ነው። የተለወጠው በኔ ምክንያት ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቀን ካነሰው ከኔ ቀን ቀንሳችሁ ስጡት።»

ኤንትሬው መነጽሩን አወለቀ፤ ከመብራቱ ሥር አንድ ጠብታ ዘይት ወረደ።

«ማኅተም!» ብሎ ጮኸ።

ሁለቱ የክፍል ኃላፊዎች ሁለት ማኅተም ይዘው በግራና በቀኝ መጡብኝ።

«ዋናው የትኛችሁ ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ!» አሉ ሁለቱም፤ ማኅተሞቹም ወደ ግንባሬ ወረዱ።

ብንን ስል ነግቷል። አስካለ ስልኬን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሬን ትነካካኛለች።

«ከማኅበሩ ደውለው ነበር» አለች። «የቮልሷ መልስ መጥቷል።»

«ፈቀዱ?»

«ፍሬኑንም ቀበቶውንም አልፋለች አሉ። ግን ዕድሜዋን የቆጠሩት ከአዲሱ ሞተር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ናት ብለው ጽፈዋል። ለአሮጌ መኪና ፈቃድ ሠላሳ መሙላት አለባት።»

በጣቴ ቆጠርኩ።

«አስኩ፣ እሷ ሠላሳ ሲሞላት እኔ ሰማንያ ስምንት ነኝ እኮ!»

«እኔም ቆጥሬዋለሁ» አለች ብርድ ልብሱን እየገፈፈችኝ። «እዚያ እንድትደርስ አጥሚት ሠርቼልሃለሁ፤ ተነስና ጠጣ።»