እናቴና የማይበላው እንቁላል

የዘንድሮ እናቶች ሲገናኙ ወሬያቸው አንድ ነው፤ ልጄ ከስልክ ላይ አልነቀል አለኝ! ቀማሁት፣ ደበቅሁበት፣ ቻርጀሩን ወሰድሁበት፣ ወይ ፍንክች! እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ አዝንላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን እስቃለሁ። በእኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበራ! ከጌም ላይ አልነቀል ብላ ያስቸገረችው እናቴ ስትሆን፣ እጄን ዘርግቼ ተራዬን የምለምነው እኔ ነበርሁ። ገና ጨዋታው ሲጥመኝ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ትልና ከእጄ ላይ ትነጥቀኛለች።

በደርግ ጊዜ፣ ያውም ደባርቅ ላይ፣ ጌም ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ስኳር እንኳ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነበር የምናገኘው። ጌሟን ያመጣት የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጌታሁን ነው። ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ተመለሰና ጎንደር መሥሪያ ቤት ገባ። ለጥምቀት ሊጠይቀን ሲመጣ ለእናቴ ሻሽ፣ ለእኔ ጫማ ያመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ከኮቱ ኪስ የጸሎት መጽሐፍ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር አወጣ። መስኮቷ ላይ የቤት ጣሪያ አለ፤ ጣሪያው ላይ ዶሮዎች ተደርድረዋል። የጣሉት እንቁላል በክዳኑ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ከሥር አንድ ሰውዬ ቅርጫት ይዞ ግራና ቀኝ እየሮጠ ይቀልባል። ሦስት እንቁላል ከተሰበረበት ጨዋታው አለቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእናቴ ሥራ ምን መሰላችሁ? እንቁላል መነገድ። ከጊች ከቡይት ራስ ተራሮች የሚወርዱ ሴቶች በገበያ ቀን ያመጡላታል፤ እሷ አንዱን ባንዱ በፀሐይ እያየች ትመርጥና በጭድ አድርጋ፣ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ትልካለች። የዳባትን ጠመዝማዛ መንገድ አልፎ ሳይሰበር ጎንደር መግባቱን እስክትሰማ እህል አትቀምስም። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለች ሴት እንቁላል ከጣሪያ ሲወድቅ ማሳየት ግፍ አይደለም? የመጀመሪያው ሲፈርጥ «እኔ ልሰበር!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ወንድሟን ትጠይቀው ጀመር። ምነው ለዶሮዎቹ ጭድ ቢያነጥፉላቸው? በሰው አገር ጭድ የለም? ጋሼ ጌታሁንም ኮራ ብሎ፣ «እታለም፣ እዚያ እኮ ሁሉም ነገር በማሽን ነው» አላት። ማሽን ካላቸው ታዲያ ይህን ምስኪን ማን እንዲህ ያስሮጠዋል? አለችው።

አጎቴ ሲሄድ ትቶልን የሄደው ጌሟን ብቻ አይደለም፤ አንድ እንቅልፍ የሚነሳ ወሬም ነው። የተያዘውን እንቁላል የሚቆጥረው ቦታ ከሦስት አኃዝ በላይ አይዝም። ሦስቱም ዘጠኝ ሆነው ሞልተው አንድ ሲጨመር ምን እንደሚመጣ ግን እሱ አላየም፤ ሽልማት አለው እየተባለ ይወራል። በሉ እንግዲህ ተኙ! እኔ ጫጩት ይፈለፈላል ባይ ነበርሁ። ቁጥሩን ለመሙላት ደግሞ የእኔ ጣት የትም አይደርስም። ተስፋዬ የእናቴ እጅ ነው።

የጌሟ መስኮት ብርሃን የላትምና የደባርቅ ጉም ገለጥ ሲል ጠብቀን ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ፊት እንቀመጣለን። እናቴ አቀርቅራ ትጫወታለች፤ ዓይኗን መንቀል ስለማትችል ቁጥሩን የምነግራት እኔ ነኝ። ትከሻዋ ላይ ተደግፌ ነበር የምውለው፤ ጭድ ጭድ ትሸታለች። ዛሬ እሷ የለችም፤ የገለባ ሽታ በመጣ ቁጥር ዞር ብዬ የምፈልጋት ለዚያ ነው። በመንገድ የሚያልፉ ጎረቤቶች ግን ትንሽ ነገር ይዛ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ያዩና፣ ምን ያለች ጸሎተኛ ናት ይላሉ። ጸሎቱ «ሩጥ እንጂ አንተ ዘገምተኛ! እጅህ ይሰበር!» መሆኑን ማን ነገራቸው?

ይህን ስንል ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ዶሮ መጣሏን ባትተውም ሰው መብላቱን ይተዋል፤ ስለዚህ እናቴ ሥራ ፈታች። እሰይ፣ አሁን ቁጥሩ ሞላ አልሁ። ምን ዋጋ አለው! ጌሟን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። በጾም ወራት እንቁላል ስለቅም ልዋል? አለችኝ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የጌሟ ባትሪ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፤ ቁጥሩም ገና ሳትቆለፍ በፊት ከቀን ወደ ቀን እየገረጣ ነበር። ባለሱቁን ብጠይቀው ይህች የባትሪ ድንጋይ ሳትሆን የባትሪ ጠጠር ናት፤ እንኳን ደባርቅ ጎንደርም አትገኝ ብሎ ሳቀብኝ። እስከ ፋሲካ ብንጠብቅ ትሞታለች። ከሞተች ደግሞ ሲሞላ ምን እንደሚመጣ በሕይወቴ አላውቅም ማለት ነው።

የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባቴ፣ የማይበላ እንቁላል ጾም ያፈርሳል? እናቴ በኀፍረት የምትገባበት ጠፋት። እሳቸው ግን ሳያዩ መፍረድ እንዴት ይሆናል ብለው እንዲመጣላቸው አዘዙ። በትእምርተ መስቀል ባርከው ጀመሩ፤ ሦስቱም በአንድ አፍታ ፈረጡ። «እስቲ ዳግመኛ» አሉ። ዳግመኛ ፈረጡ። ሌላ የሚጠብቃቸው ቤት መኖሩን ረስተው ብዙ ከደከሙ በኋላ ወደ እናቴ ዞረው ፍርዱን ሰጡ። «ልጄ፣ ጾም የሚሻረው በመብላት ነው እንጂ በመልቀም አይደለም። ነገር ግን ይህ ሰውዬ ያናድዳል። እሱን የተሳደብሽ ዕለት ጾምሽን ገደፍሽ።»

ከዚያ ወዲያ የእናቴን ትሕትና ብታዩ! ያንን ስትራገመው የከረመችውን ሰው «ወዲህ ይበሉ ጌታዬ፣ ቀስ ብለው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ጀመረች። እሱም ነፍስ ያለው ይመስል ታዘዛት። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚህ ቀደም ያልደረስንበት ደረሰ። መስኮቷ ገርጥታ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ! አንድ እንቁላል እየተንከባለለ መጣ፤ እናቴም ቀለበችው።

ዜሮ።

ጫጩት የለ፣ ሽልማት የለ፣ ባዶ! እኔ እሪ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ዜሮዋን ትኩር ብላ አየቻትና ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሟች አባቴ ጋር ጥሪታቸውን አሟጠው ያሠሩት የኪራይ ቤት ነበራቸው፤ ልስኑ አልቆ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ተከራይ ሲገባ ትርፍ ቤት ተብሎ በአዋጅ ተወረሰ። ስለዚያ ቤት ሁልጊዜ ዝም ነበር የምትለው። ያን ቀን ግን «አየሽ ልጄ፣ ሲሞላ ነው የሚመጡት» አለችኝ።

ባትሪዋ በሳምንቱ ሞተች። ጋሼ ጌታሁን ለፋሲካ ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሞላ ወይ፣ ሲሞላስ ምን መጣ ብሎ ጠየቀ። እናቴም «ምን ይመጣል፣ ወረሱት እንጂ» አለችው።

አጎቴ ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ። ከዚያ ጠጋ ብሏት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉንም? ምንም አላስቀሩም? አላት።

«ኧረ እነሱስ ደጎች ናቸው፤ ቅርጫቱን ትተውለታል» አለችው።