ትታው ያልሄደች ሚስት

አንባቢ ሆይ፣ አሳታሚም ሥራ አስኪያጅም የሌለው ዘፋኝ ገጥሞዎት ያውቃል? በዘጠናዎቹ ዓመታት በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ጓደኛዬ ብርሃኑ እንዲህ ነበር፤ የካንትሪና የብሉዝ ዘፈን ራሱ ይደርሳል፣ ካሴቱንም ራሱ ያዞራል። ሙያው ግን ሐዘን ይጠይቃል፤ በትዳሩ የተደሰተ ሰው ከወዴት ያምጣ? ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» ብሎ ዘፈነ፤ በራዲዮም ተሰማ።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ማርልቦሮ ሰፈር ቤቱ ድረስ መጡ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ጽጌ ነበረች።

«ልጄ፣ ተመለስሽ እንዴ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ተሰማ።

«የት ሄጄ?»

ብርሃኑን ላብ አጠመቀው። «ጋሼ፣ ብሉዝ እኮ ነው፣ ሪል አይደለም! ቅዳሜ ውድድር አለኝ፤ ካሸነፍኩ ስቱዲዮ ገብቼ አልበም እቀዳለሁ።»

«አገር ሁሉ ፈታችው እያለኝ? ወይ ዘፈኑ ወይ እኔ!» አለች ጽጌ።

ሽማግሌዎቹ መክረው ፈረዱ፦ ይዘፈን፤ በመጨረሻው ስንኝ ግን ሚስቲቱ ትመለስ።

ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ተጨነቅሁ። ብርሃኑ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዳኞቹን አየ፤ ጽጌንም አየ። ዓይኑን ጨፍኖ በዘፈኑ ሚስቱን መለሳት።

ብሉዝ በደስታ ሲያልቅ ዳኞቹ ነጥብ ሳይጽፉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ተሰማ ግን ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት መረቁት።