ጣቴ ያላወቀው ጥጥ

ሰው በደንብ በማያውቀው ነገር ሲምል ድምፁ ከፍ ይላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ "ምናልባት" የሚለው ቃል ከነጋዴ አፍ አይወጣም። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጨርቁን በሁለት ጣቴ መሀል አሸት አደርግና "ንጹህ ጥጥ! ካልሆነ ሱቄን ዝጉት" እላለሁ። እስካሁን የዘጋብኝ የለም።

ምሕረት የምትባል የጎረቤት ልጅ አለች። ዲዛይን ተምራ ስታበቃ፣ እንደ እኩዮቿ ማመልከቻ ይዛ ከቢሮ ቢሮ መዞሩን ትታ፣ ከጁስ ቤት ጁስ ቤት እየዞረች የአቮካዶ ፍሬ ትለቅማለች። አዎ፣ ያንን የሚጣለውን! ፍሬውን ቀቅላ ጨርቅ ትነክርበታለች፤ አረንጓዴ ይወጣል ስትሉ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይወጣል። የሽንኩርት ልጣጭ በሉት፣ የዛገ ምስማር በሉት፣ ያልቀቀለችው የለም። አባቷ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። "የኳየሩን ልብስ ካሳመርሽ እሰየው፤ ካበላሸሽ ድስትሽን ትሰበስቢና ሥራ ትፈልጊያለሽ" አሏት።

የኳየሩ ልብስ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ የአሥራ ሁለት ሴቶችን ነጭ ቀሚስ ሮዝ ማቅለም። ጨርቁን የሸጥኩት እኔ ነኝ። አንዱ ጣቃ ለስምንት ሰው በቅቶ ሲያልቅ ከሌላ ጣቃ ቀድጄ ጨመርኩ፤ አሸት አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ምዬ።

ስምንቱ ዓይን የሚያሳርፍ ሮዝ ሆነው ወጡ። አራቱ እንደገቡ ነጭ! ሦስቴ ነከረቻቸው፤ ወይ ፍንክች። የኳየሩ መሪ ወይዘሮ አስቴር ሱቄ ድረስ መጥተው፣ "ያቺ ልጅ ጉድ ሠራችን! ድሮስ በቆሻሻ ልብስ ይቀለማል?" አሉኝ። እኔም ራሴን ነቅንቄ፣ "የዘንድሮ ልጆች!" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት መጣች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። "ጋሼ፣ ከሁለቱም ጣቃ አንዳንድ ክር ይስጡኝ" አለችና ላይተር ለኮሰች። አንደኛው ክር እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሆነ። ሁለተኛው ግን እንደ ፌስታል ተኮማትሮ ቀለጠ።

"ይሄኛው ፖሊስተር ነው፤ የእኔን ቀለም አይዝም" አለች። ድንጋጤዬን ስታይ አለማወቄ ገባት። "ግድ የለም፣ ለማንም አልናገርም፤ እርስዎ ሆን ብለው ያታለሏቸው ይመስላቸዋል።"

ድስቷን ሊያስጥሏት ነው፣ እሷ ለእኔ ስም ትጨነቃለች! አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ የኳየሩ ልምምድ ላይ ሄድኩ። አባቷም ተጠርተው ነበር። "ጥፋቱ የምሕረት አይደለም" ብዬ ክሩን አቃጥዬ አሳየሁ። "ጨርቁ ጥጥ አይደለም። ለአራቱም እውነተኛ ጥጥ በነጻ አመጣለሁ።" ቀጥሎ "እኔም አላወቅሁም" ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሃያ ዓመት ጨርቅ ሸጦ ጥጥ አይለይም ከምባል፣ ምን ልበላችሁ፣ "አታለልኳችሁ" አልኩ።

አባቷ ልጃቸውን አቅፈው ግንባሯን ሳሙ። ወይዘሮ አስቴር እያነቡ ይቅር አሉኝ። አልፎ ተርፎም አሥራ ሁለቱም እጃቸውን ጭነው፣ ከአታላይነቴ እንድላቀቅ ረጅም ጸሎት አደረጉልኝ። ምሕረት ሳቋን አፍና ከሁሉም ጮክ ብላ "አሜን!" አለች።

ለአላዋቂነቴ ግን የጸለየልኝ የለም።