የአማቴ ማንጎ

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር የሚችል ሰው እንዴት የታደለ ነው። ሐኪም ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ አለቀ። እኔ ግን ደን ምርምር ውስጥ የምሠራ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ነኝ። ዛፉን የሚያጠኑት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የማጠናው ዛፉን የሚቆርጠውን ሰው ነው። ይህን በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቆማችሁ ለሰው ስታስረዱ እስቲ ይታያችሁ።

ጣጣው የመጣው ሰናይትን ላገባ ሽማግሌ የላክኩ ጊዜ ነው። አባቷ ጋሽ በላቸው የቀወት ገበሬ ናቸው። ልጁ ምን ይሠራል ሲሉ ሽማግሌዎቼ ተያዩ። አንዱ እንደ ምንም ብለው፣ ስለ ደን ሰው ይጠይቃል አሉ። ጋሽ በላቸው፣ "መጠየቅማ ጎረቤቴም ሲጠይቅ ነው የሚውለው፤ ልጄን ልስጠው?" ብለው አረፉት። ኋላ ግን ራራ አሉ። ደጃፋቸው ያለው ትልቁ ማንጎ እየደረቀ ነውና፣ የደን ሰው ከሆነ እሱን ያድንና ልጅቱን ይውሰድ አሉ።

አያችሁልኝ? እኔ እኮ ማንጎ ሲታመም የቱን እንደሚያመው አላውቅም። ሰናይትን እንዳላጣት ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼም አላውቅ።

ታዲያ ምን ላድርግ? የማውቀውን አደረግኩ። ዛፉን ትቼ ቤተሰቡን እየነጠልኩ ጠየቅኩ። የነገሩኝን ለማንም እንደማላወጣ ማልኩላቸው፤ የሙያችን ደንብ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው? እዚህ ቤት ግን ነገሩም ውሃውም ከሥሩ ተገኘ። እናቷ እትዬ ዘነቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንጎውን የፈላ ውሃ የሚያጠጡት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ምነው እትዬ ብላቸው፣ ከቀትር ጀምሮ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጥላው ሥር ተጎልቶ ውሃ አምጪ፣ ቆሎ አምጪ ሲላቸው መዋሉ እንዳንገፈገፋቸው አጫወቱኝ። "ዛፉንስ ምን ጠልቼው ልጄ፤ ጥላው ከሄደ እነሱም ይሄዳሉ ብዬ ነው" አሉ።

አሁን ጉድ ፈላ። ብናገር እናቲቱ ይቀየሙኛል፣ መሐላዬም ይፈርሳል፤ ዝም ብል ልጅቱ ልታመልጠኝ ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩና፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ለጋሽ በላቸው ፍርዴን ሰጠሁ። ማንጎው የታመመው ከሰው ብዛት ነው፤ እንደ ጥብቅ ደን ይታጠር፤ እስኪያገግም ድረስ ማንም ሥሩ እንዳይቀመጥ። ጋሽ በላቸው ቅር እያላቸው አጠሩት። ወንዶቹም ወሬያቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ግራር ተሰደዱ።

እትዬ ዘነቡ የፈላ ውሃቸውን ተዉ፣ ማንጎው አቆጠቆጠ፣ ሰናይትም ተዳረችልኝ። አማቴ ጋሽ በላቸው ለሰው ሁሉ የዛፍ ሐኪም ነው እያሉ ስለሚያወሩ፣ ከጀውሃ ሳይቀር ሎሚዬ ታመመ የሚል ሰው ይመጣብኛል። ይኸው እኔም በአጭሩ የሚነገር ሥራ አገኘሁ።

አሁን የምንኖርበት ግቢ ውስጥም አንድ ማንጎ አለ። ጥላው መቼም ግሩም ነው። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሥሩ መጫወት ለምጃለሁ፤ ውሃ ሲጠማን ሰናይት አለች። ሰሞኑን ታዲያ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። ሙያዬ ሚስትህን ጠይቃት፣ ጠይቃት ይለኛል።

ምን በወጣኝ? አጥር ማጠር ጀምሬአለሁ።