ከጠርሙስ የሚቀዳ ጠይምነት

ባሕር ዳር ያለ ከተማ ሁሉ አንዲት አለችው። ከተማው ፖስታ ቤት ላይኖረው ይችላል፤ ሐኪሙም በሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ ይል ይሆናል፤ እሷ ግን አትጠፋም። እግዜር እንደ ወተት አንጥቶ ፈጥሯት ሳለ፣ እሷ "ተሳስተሃል" ብላ በየበጋው ጠይምነቷን ከጠርሙስ እየቀዳች የምትቀባ ሴት። እናንተም ሰፈር አለች። ክንዷን አይታችሁ "አቤት መልክ!" ብላችኋት ታውቃላችሁ፤ እሷም ቅንድቧን ከፍ አድርጋ "ተፈጥሮዬ ነው" ብላችኋለች።

የእኛዋ፣ የፔሊካን ቤይዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ፕራት ትባላለች። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንጎራበት ከአፏ የማይጠፋው ቃል አንድ ነው፤ "ፀሐይ ገና ዐይኗን ስትጥልብኝ ጠይም ነኝ!" ይህን ለሥጋ ሻጩ ብላዋለች፣ ለፖስተኛው ብላዋለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለቀብር ለመጣ ቄስ፣ ሬሳው ገና ሳይወርድ ብላዋለች። ቅድመ አያቷ የስፔን ደም እንደነበራትም ትጨምራለች። ደሙ አንዳንድ ዓመት የፖርቱጋል ይሆናል።

እውነቱን እኔ አውቃለሁ። ወሬን አጥር ሊያግደው ይችል ይሆናል፣ ሽታን ግን አያግደውም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመታጠቢያ ቤቷ መስኮት ውሃ የነካው ብስኩት የመሰለ ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ባሌን ክላይቭን "ግሌኒስ ቀለም ላይ ናት፤ ሄደህ እንዳታንኳኳ" እለዋለሁ። ቀለሙ እስኪይዝ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ ክብርትነቷ አትቀመጥም፣ አትደገፍም፣ ስልክም ጆሮዋ ላይ አትለጥፍም። አሮጌ ቢጃማ ለብሳ፣ ክንዶቿን ከጎኗ አርቃ፣ ሳሎኗ መሃል ተገትራ ቴሌቪዥን ታያለች።

ደግሞ ሥርዓት አለው፣ ዝም ብሎ መለቅለቅ እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት ወተት የበዛበት ሻይ ናት። በታኅሣሥ ወተቱ ይቀነሳል። ጥር ሲገባ የእናቴን የእንጨት ቁም ሣጥን ትመስላለች። ክላይቭ በየጥሩ "ዘንድሮስ ቫርኒሽም ጨምራበታለች" ይላል፤ እኔም ሳቄን ይዤ በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

የነካችው ሁሉ ይመሰክርባታል። መስኮት ሥር ያለው ነጩ ሶፋዬ ላይ ጀርባዋና ሁለት ክንዶቿ ቁልጭ ብለው ታትመዋል፤ ሠላሳ ዓመት እየመጣች የምትቀመጠው እዚያው ስለሆነ ነው። ከሁሉም የባሰው ግን የልጇ ሠርግ ዕለት የሆነው ነው። ሙሽራይቱን "ልጄ ሆንሽ!" ብላ እንባ በእንባ ሆና አቀፈቻት። ስትለቃት ከነጩ ቬሎ ጀርባ ላይ ሁለት ቡናማ መዳፍ ከነሙሉ ጣቱ ቀርቷል። ፎቶ አንሺው ከኋላ ባነሳው ሁሉ ላይ ሙሽራይቱ ከፖሊስ እጅ ያመለጠች ትመስላለች። "አስተናጋጁ ነው! የሥጋ መረቅ እጁ ላይ ነበር፣ በዐይኔ አይቻለሁ!" አለች ግሌኒስ። ምስኪኑ አስተናጋጅም ይቅርታ ጠየቀ።

ይሄን ሁሉ እንቻልላት። የማይቻለው ለነጣ ሰው ያላት አንደበት ነው። የነጣ ሰው አይታ አታልፍም። ከእንግሊዝ የመጣች ቱሪስት አሸዋው ላይ ፎጣዋን ዘርግታ ሳትጨርስ፣ ግሌኒስ አናቷ ላይ ቆማ "ምነው የኔ ቆንጆ፣ አሞሻል እንዴ? ጉበትሽን ታይተሻል?" ትላታለች። ፋርማሲው ውስጥ ገና ሥራ የጀመረውን ልጅ "የት ነው ያደግኸው የኔ ልጅ፣ አልጋ ሥር?" አለችው፣ ያንኑ የቀለሟን ጠርሙስ ከእጁ እየተቀበለች። ጉድ ነው መቼስ።

ባሕር ግን አትገባም። ከበሯ እስከ ውሃው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ በበጋ የእግሯን ጣት እንኳ ነክራ አታውቅም። "ጆሮዬ" ትላለች። "ውሃ ከገባበት አለቀልኝ።" አንድ የገና ዕለት ግቢያችን ውስጥ ምሳ በልተን፣ የሽሪምፑን ልጣጭ ገና ሳናነሳ፣ ልጆች የሣር ማጠጫውን ከፈቱት። ሁላችን ተንጫጫን። ግሌኒስ ግን ድምጿን ሳታሰማ የድንች ሰላጣውን ትሪ ገለበጠችና በላይዋ ደፍታ ሮጠች። ሰላጣው ክላይቭ ጭን ላይ ቀረ። "ጆሮዬ!" እያለች ነበር የምትሮጠው።

ታዲያ እግዜርም ቀልድ ያውቃል፣ የልጅ ልጅ ሰጣት። ቲሊ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ቀይ፣ ቆዳዋ ደግሞ ከመንጣቱ የተነሳ ሰማያዊ ደም ሥሯ አንድ በአንድ የሚቆጠር። ልጅቷ አያቷ ቤት ነው የምትውለው፤ እናቷ ሆስፒታል ስለምትሠራ እሑድ ዕረፍት የላትም፣ አባቷ ደግሞ በረሃ ውስጥ ማዕድን ማውጫ ነው ያለው። ግሌኒስ ትወዳታለች፣ ነፍሷን ትሰጣታለች። ግን ፀጉሯን እያበጠረች "ትንሽ ጠይም ብትይ እኮ እንዴት ባማረብሽ!" ሳትላት አትውልም። ልጅ ደግሞ ይሰማል።

እሑድ እሑድ ጠዋት የከተማው ልጆች ሁሉ ባሕሩ ዳር ባለው የዋና ክበብ ዋናና ሰው ማዳን ይማራሉ። በጥር የመጨረሻው እሑድ ደግሞ የእጅ ለእጅ ውድድር አለ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤተሰቡ የአንድ ትልቅ ሰው እጅ ይይዝና ባሕር ይገባል፤ ውሃው ላይ የታሰረውን ቢጫ ተንሳፋፊ ዞሮ ይመለሳል። እጅ የለቀቀ ከውድድሩ ይወጣል። ለዚህ ከተማ ልጅ ከገና ስጦታ ይበልጣል። ቲሊ ግን አራት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ፎጣ ይዛ ዳር ቆማ ነው ያየችው። የሚይዛት እጅ አልነበራትም። ያለችው አያት ደግሞ ጆሮዋን ያማታል።

ዘንድሮ ከውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነገሩ ፈነዳ። የክበቡ ሴቶች ልጆች ቲሊን "የወተት ጠርሙስ" የሚል ስም አወጡላት። "ስታልፊ ዐይናችንን አታጥፊው" እያሉም ይስቁባት ነበር። ቲሊ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቅዳሜ አያቷ ገበያ ስትሄድ ጠርሙሱን አወጣች። ጓንት እንደሚደረግ አታውቅም። ቀለሙ ቀስ ብሎ እንደሚወጣም አታውቅም። ቀባች፣ መስታወት አየች፣ ምንም የለም። ደገመች። አሁንም የለም። ሠለሰች። ያንለት ማታ ቤቷ ሄዳ ተኛች። እሑድ ማለዳ ስትነሳ ካሮት ሆናለች፤ መዳፏና ውስጥ እግሯ ደግሞ የጫማ ቀለም።

ያም ሆኖ እጅጌ ረጅሙን የዋና ልብስ ለብሳ ክበቡ ሄደች። እዚያ ውሃ ገቡ። የላይ የላዩ ቀለም እየፈሰሰ ወረደ፣ የታችኛው በቦታ በቦታው ቀረ። ልጅቷ ከባሕር የወጣችው ዥንጉርጉር ሆና ነው። ሳቁን ከቤቴ ሰማሁት።

ቆይቶ የልጅቷን ለቅሶ በአጥሩ ሰምቼ ሮጬ ግሌኒስ ቤት ስደርስ ቲሊ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አያቷ በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ እየፈተገቻት ነው።

"ሁለተኛ አልሄድም" ትላለች ልጅቷ እያለቀሰች። "ደግሞስ ከማን ጋር ልወዳደር? አንቺ እንደሆንሽ ጆሮዬን ትያለሽ!"

እኔ ደሜ ፈላ። "የማን ባለጌ ልጅ ናት እንዲህ ያደረገችሽ? ስሟን ብቻ ንገሪኝ የኔ እናት፤ ዛሬውኑ እናቷ ደጅ ሄጄ ባልጮህ!"

ግሌኒስ ቀና አላለችም። የልጅቷን ክርን መፈተጓን ቀጠለች። "ተይ ኖሊን" አለችኝ። "አንቺም ብለሽኛል።"

"እኔ? ምን ብዬ? መቼ?"

"ከታዝማኒያ ብርድ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን። ሰማያዊ የዋና ልብስ ገዝቼ ነበር። ሰው አላውቅም፤ እንተዋወቃለን ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የወረድኩት። አንቺ ጓደኞችሽ መሃል ተጋድመሻል፣ ጠይም ብለሽ፣ ዘይት ተቀብተሽ። ስታዪኝ 'ጎበዝ፣ መነጽራችሁን አድርጉ፣ ዐይናችሁ ሊጠፋ ነው!' አልሽ። ዳርቻው በሙሉ ሳቀ።" ሎሚውን ገለበጠችው። "በማግስቱ ፋርማሲ ሄድኩ።"

የሞቱትን ይማርልኝ፣ እኔ ትዝ አይለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ስታጠጣኝ፣ ስታመም ሾርባ ስታመጣልኝ፣ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉት የለ! እኔ አፈ ሰፊዋ፣ ጣሪያና ግድግዳ የማይበቃኝ፣ ቤኪንግ ሶዳውን አንስቼ አቀብላት ጀመር። ቲሊም ማልቀሷን ትታ አያቷን ታያለች።

"ጆሮሽን አያምሽም?" አለች ቀስ ብላ።

"ጆሮዬ ደህና ነው" አለች ግሌኒስ።

ሐሙስ መጣ፤ የብስኩት ሽታው አልመጣም። ዓርብ ሙሉ ቀን ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ቅዳሜም።

እሑድ እኔና ክላይቭ ክበቡ ደጅ ቋሊማ እየጠበስን ነው። ሰዉ ግጥም ብሏል። አንዲት ትልቅ ኮፍያ ያደረገች ሴት ቲሊን እጇን ይዛ በአሸዋው መንገድ ወረደች። ሰማያዊ፣ ያረጀ፣ ወገቡ ላይ የጠበበ የዋና ልብስ ነው ያደረገችው። ነጭ! እናንተዬ፣ ሴትዮዋ አንሶላ ናት! "ደግሞ ይቺ ማናት፣ የእናቷ ወገን ናት?" አልኩት ክላይቭን።

"ኖሊን!" አለች ሴትዮዋ ከሩቅ። "ያ ቋሊማ እያረረ ነው፣ አታዪም እንዴ?"

ዳርቻው በሙሉ ዞረ። ሥጋ ሻጩ አለ፣ ፖስተኛው አለ፣ የፋርማሲው ልጅ አለ። ጉበታቸውን እንዲታዩ የታዘዙት በሙሉ አሉ። ግሌኒስ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮፍያዋን ወደ ቅንድቧ ሳብ አደረገች። ወዲያው ክላይቭ፣ ያ ቀልድ አላስችል የሚለው ባሌ፣ አፉን ከፈተ። "ጎበዝ፣ መነ..." ከማለቱ ቋሊማውን ከነዳቦው አጎረስኩት። በትዳር ዘመኔ ሰው እንደዚያ ጠቅጥቄ አጉርሼ አላውቅም። "ዋጥ!" አልኩት። "ዋጥና አጨብጭብ።" አጨበጨበ። ሰዉም ተከተለው።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ቲሊን "ማናት እሷ?" ስትላት ሰማሁ።

"አያቴ ናት" አለች ቲሊ። "እኔ በእሷ ነው የወጣሁት።"

ፊሽካው ተነፋ። በሩጫው ረገድ ለምስክርነት የሚበቃ ነገር የለም። ግሌኒስ እስከ ጉልበቷ ስትገባ ጮኸች፣ እስከ ወገቧ ስትገባ ሳቀች፣ ቢጫው ተንሳፋፊ ጋ ስትደርስ ጭራሽ ቆመች። ሞገድ መጥቶ እስከ ኮፍያዋ አለበሳት። "አያቴ፣ ሩጪ እንጂ!" እያለች ልጅቷ ትጎትታታለች። "ቆይ አንዴ! ቆይ አንዴ!" ትላለች እሷ። ሁሉም አልፏቸው ሄደ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ፤ እሱንም አንድ ሽማግሌ ቁምጣቸው ሊወልቅ ሲል ቁምጣቸውን ለመያዝ የልጅ ልጃቸውን እጅ ለቀው ነው። ቲሊና አያቷ ግን እጅ አልተላቀቁም። ከወጡም በኋላ ተያይዘው ቆመው ነበር።

ግሌኒስ እየተንጠባጠበች ወደ እኔ መጣች። "ኖሊን፣ ይሄ ውሃ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር?"

"ሁልጊዜም" አልኳት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት!" አለች ወደ ባሕሩ ዞራ።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። "ግሌኒስ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"መጀመሪያ ቋሊማ ስጪኝ" አለች። "ያላረረውን።"

እንግዲህ ተለወጠች ብላችሁ እንዳታስቡ። አሁን ደግሞ ጠይም ሰው አታሳልፍም። "ኮፍያሽ የታለ? ቆዳሽን ቦርሳ ልታሠሪው ነው?" እያለች ከጫፍ ጫፍ ትዞራለች። የፋርማሲውን ልጅ "ቆዳህን ጠብቅ፣ እንዳንተ ያለ መልክ አይገኝም" ስትለው ሰምቼ ልወድቅ ነበር። ለቄሱም ነግራዋለች፤ "ፀሐይ ገና ዐይኗን ስትጥልብኝ ቲማቲም ነኝ! ተፈጥሮዬ ነው!" የስፔን ደሟ የት እንደገባ የጠየቃት የለም።

ክላይቭ በቀደም "እንግዲህ ቀለሙን ከተወች የሶፋውን ልብስ እናሳጥበው" አለኝ። እኔ ተው አልኩት። እድፍ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ጓደኛዬ ናት፣ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችው እዚያ ነው። እንዴት ብዬ አሳጥባታለሁ?

ትናንት ከባሕር ስትመለስ ፎጣዋን እንደታጠቀች ገባች። ሶፋው ጋ ስትደርስ ቆመችና ትክ ብላ አየችው።

"ኖሊን፣ ይሄ ምንድነው? ሰው ቤት እንግዳ አይመጣም እንዴ? እኔ ብሆን አፍር ነበር!"

ይህን ብላ ልክ ቅርጹ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።