ብቸኛዋ ንብና የእትዬ የሺ ግድግዳ

ንብ ሲሏችሁ ማር ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በእኛ በላስታ ሰው ስለ ንብ የሚያወራው ምራቁን እየዋጠ ነው። ማር የማትሰጥ ንብ አለች ብላችሁ ለአንድ የገነተ ማርያም ገበሬ ብትነግሩት መጀመሪያ ይስቅባችኋል፤ ቀጥሎ «ታዲያ ምን ልትሆን ተፈጠረች?» ይላችኋል። ጥያቄው ለንቧ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውንም የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ከእጁ ጠብ የሚል ነገር ካላየን መኖሩንም እንረሳዋለን።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት እኔና ጠመኔዬ እናውቃለን። ምሳሌዬ ሁልጊዜ ንብ ነበረች፤ አንድ ንግሥት፣ አንድ ቀፎ፣ አንድ ሐሳብ። ንግሥትም ቀፎም የሌላት፣ በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ ብቻዋን ወልዳ፣ በሩን በጭቃ መርጋ የምትሄድ ንብ መኖሯን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

የሰማሁትም በፖም ሰበብ ነው። ጡረታ በወጣሁ ዓመት የባለቤቴን የወርቄን የጌሾ ጓሮ ነቅዬ ሃያ አራት የፖም ችግኝ ተከልኩ። እንዴት አስፈቀድካት አትበሉኝ፤ አላስፈቀድኳትም። ወደ መርሳ ከተማ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ስትመለስ ጌሾው የለም። ዛፎቹ ግን አደጉ፤ በአራተኛ ዓመታቸውም መጋቢት ላይ አበቡ። አበባ ብላችሁ አበባ! ከላሊበላ እንግዳ ይዘው የሚያልፉ አስጎብኚዎች ሁሉ እየቆሙ ፎቶ ያስነሱበት ነበር። ከዚያ አበባው ረገፈ፤ ፍሬ ግን የለም። በዓመቱም እንደዚያው ሆነ። ወርቄ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። በሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ካላየች ዛፎቹ ተቆርጠው ጌሾዋ እንደሚመለስ ነገረችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጭንቅ ሲይዘኝ ምሕረት የምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ዛፉን ዞራ፣ አበባውን ገልብጣ አየችና ዛፍዎ ደኅና ነው፤ የጎደለው የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስለት ነው አለችኝ። እንደ እሷ አነጋገር የማር ንብ በብርድ ከቤቷ አትወጣም፤ የእኛ ጠዋት ደግሞ ብርድ ነው። ብትወጣም ዱቄቱን አርጥባ በእግሯ ጠቅልላ ነው የምትሄደው። ብቸኛዋ ንብ ግን ዱቄቱን በሆዷ ላይ ደረቁን ስለምትሸከም፣ ልክ እንደ ተቀደደ የዱቄት ከረጢት፣ በሄደችበት ሁሉ ታራግፈዋለች። ለካስ ለፖም የሚጠቅመው የእሷ ዝርክርክነት ኖሯል።

ምሕረት በሁለተኛው ጉዞዋ አንድ ሳጥን ይዛ መጣች። ውስጡ ቀጫጭን ሸምበቆ ተደርድሮበታል፤ ንቦቹም ገና እንደ ሐር ትል በልባሳቸው እንደተጠቀለሉ ተኝተዋል። አናቱ ላይ መዳፍ የምታህል ሶላር አለች። በሩን የሚከፍተው ሰው አይደለም፤ ሳጥኑ ራሱ ሙቀቱን ለክቶ ፀሐይ ስትሞቅ ይከፍታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ዓይን ደግሞ ወጪና ገቢውን ትቆጥራለች። ስልኬን ቻርጅ ማድረግ የምረሳው ሰውዬ የንብ ዘበኛ ቀጠርኩ ማለት ነው።

አበባው ሲፈነዳ በሩም እንደተባለው በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ቆጣሪዋ ወጪ ሰባ ሁለት ትላለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሄጄ አየሁ፤ ገቢ ሦስት። ወርቄ በትከሻዬ በኩል አየችና «ላም አለኝ በሰማይ» አለች። ተረቱን አልጨረሰችውም።

በእኛ አገር ንብ ሲሰደድ ባለቤቱ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ አፈር እየበተነ ይከተለዋል፤ ዓይኑን ሳይነቅል ካረፈበት ከደረሰ ንቡ የእሱ ነው። እኔም በነጋታው ቆርቆሮዬን ይዤ ወጣሁ። እነዚህ ጉደኞች ግን መንጋ አያውቁም፤ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች፣ እያንዳንዷ በራሷ መንገድ። ለየትኛዋ ቆርቆሮ ልምታ? ቆርቆሮውን ጣልኩና አንዷን መርጬ ተከተልኳት። አጥሩን አለፈች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አጥር ዘለልኩ። የጎረቤቴ የእትዬ የሺ ግድግዳ ላይ ካለ ቀዳዳ ጥልቅ አለች። ቀና ብዬ ሳይ ቀዳዳው አንድ አይደለም፣ መቶም አይደለም፤ ከየቀዳዳው ደግሞ ንብ ይወጣል፣ ንብ ይገባል።

እትዬ የሺ ስፌት እየሰፉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ቤታቸውም ከዚያ ወዲህ ጭቃ አልነካውም። ይሄ በእኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወርደው ምእመን በደጃችን ስለሚያልፍ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ሁሉም ጭቃውን በጭድ አቡክቶ ቤቱን ይመርጋል። የእትዬ የሺ ብቻ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይቀራል። በስንፍና እናማቸው ነበር። ስም አልጠራም፤ እኔም ነበርኩበት። የእኔ ቤትማ በሲሚንቶ ነው የተለሰነው፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ይህን ለምሕረት ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እነዚህ ንቦች አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚወዱት፤ እርስዎ ቤቱን ሲለስኑ የነበሩትን አብረው ቀብረዋቸው ይሆናል አለችኝ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ወደ እትዬ የሺ ግድግዳ የዞሩት ስድስት ዛፎች አፈሩ። ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ወርቄ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና አንድ ዓመት ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን የተበሳሳ ግድግዳ የማየው በፍቅር ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ጠዋት ከቤቴ ብወጣ ስምንት ሰው ሱሪውን ሰብስቦ በእትዬ የሺ ደጅ ጭቃ ይረግጣል። እኔ በቀረሁበት ማኅበር ላይ፣ ዘንድሮስ የሴትዮዋን ቤት እንምረግላቸው ተባብለው ኖሯል። ሮጥኩ። ግድግዳው ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ንግግር አያጥረውም፤ ስለ ንብ፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ አገር ልማት ተናገርኩ። እኔው ራሴ ልቤ ተነካ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና እግራቸውን ከጭቃው አወጡ። ማሸነፌን ሳውቅ ዞር አልኩ። እትዬ የሺ ወስፌያቸውን እንደያዙ በራቸው ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ቆይተዋል።

«መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ጉልበቴ ከከዳኝ ጊዜ ጀምሮ ጭቃ የሚያቦካልኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ለምኜ አላውቅም፤ ሰው ቤቱን አይቶ ይመጣል ብዬ። አምና አጥሬን ዘለህ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ለንቧ ኖሯል የመጣኸው።»

አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን እንተርታለን፤ ከእኔ ደጅ እሳቸው ደጅ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ያንን ሃያ እርምጃ በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ የሄድኩት በንብ ተመርቼ ነው።

ሰዎቹን ሦስት ቀን ታገሡኝ ብዬ ለምሕረት ደወልኩ። አሁን ከተመረገ የንቦቹ ልጆች ሁሉ ውስጥ ይቀራሉ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ እያወጡ ሳጥኑ ውስጥ ማስተኛት ይቻላል፣ ሲሞቅ እሱ ራሱ ይለቃቸዋል አለችኝ። እኔና እትዬ የሺ ግድግዳው ሥር በርጩማ ይዘን ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጨፈለቅኳቸው። እትዬ የሺ ወስፌውን ከእጄ ወሰዱና «አንተ ሳህኑን ያዝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም አልሞተ። የጭቃዋን ክዳን ፈንቀል፣ ልባሱን ሳብ፣ ሳህኑ ላይ ጣል። እየሠሩም ያወሩኛል፤ ግድግዳውን ባላቸው እንዴት እንዳቆሙት፣ በመጋቢት ጠዋት ጠዋት ንቦቹ ሲያጉረመርሙ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስላቸው እንደነበር። ታዲያ ለምን ይመረግ ይላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። መምሰል ብቻ ስለሆነ ነዋ፣ አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ጭቃውን ከሰዎቹ ጋር ረገጥኩ። ወገቤ እስከ ጥምቀት አልተቃናም። ቤታቸው ግን አማረ። እሱ ካለቀ በኋላ መሮና መዶሻ ይዤ፣ ወደ ፖሞቹ የዞረውን የራሴን ግድግዳ ሲሚንቶ ፈነቀልኩት፤ በጭቃ ሞልቼም በእንጨት በሳሳሁት። ወርቄ እጇን አጣምራ ስታየኝ ቆየች። «መጀመሪያ ጌሾዬን፣ አሁን ደግሞ ቤቴን» አለችና ገባች።

መጋቢት ላይ ሳጥኑ በሩን ከፈተ። ቆጣሪዋ ዘንድሮም ወጪ እንጂ ገቢ እምብዛም አታሳይም፤ ግድግዳዬ ግን ያጉረመርማል። ግንቦት ሲብት ከሁለት ዛፎች በቀር ሁሉም ፍሬ ይዘዋል። ወርቄ የጌሾውን ነገር ካነሳችው ቆይታለች።

በልደታ ዕለት ወደ ገነተ ማርያም የሚሄዱ አንዲት እናት ውሃ ለመጠጣት እትዬ የሺ ደጅ ቆሙ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ዛፍ ሥር ነበርኩ፤ አላዩኝም። ሴትዮዋ የተመረገውን ቤት አደነቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ ግድግዳ ዞረ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄስ የማን ነው? ምስኪን! ሰው የለውም?»

እትዬ የሺ ጣሳውን እያቀበሏቸው ወደ ግድግዳዬ አዩ።

«እኔ አለሁለት» አሉ።