ጨርቁ ነው የፈራው

በየሰፈሩ አንድ የማይፈራ ሰው አይጠፋም። ሌላው ትራስ አቅፎ፣ በጣቶቹ መሀል አጮልቆ የሚያየውን የሙት መንፈስ እሱ እግሩን አነባብሮ ያየውና መጨረሻ ላይ "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ይነሳል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጦ በሰላም መፍራት አይቻልም። የት ላይ እንደምንጮህ ቀድሞ ይነግረናል፤ ስንጮህ ደግሞ ይታዘበናል።

የዚህ ሰፈር የማይፈራ ሰው ሴት ናቸው። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ቀሚስ ያሰፋሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። የወጣላቸው ስም "እማማ አያስፈራም" ነው። ስለ የትኛውም አስፈሪ ፊልም ቢጠየቁ መልሳቸው ይኸው አንድ ቃል ነበርና፣ ሰፈሩ ስም ለማውጣት ብዙም አልደከመም።

ክብርት እማማ አያስፈራም በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው አቋም የማይናወጥ ነው። ደም የሚያበዛ ፊልም አይወዱም፤ "ደም ለማየት ሥጋ ቤቱ አለልኝ" ይላሉ። ጭራቁን ገና በመጀመሪያው የሚያሳይ ዳይሬክተርም ሥራውን አያውቅም፤ "እንግዳ እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው።" ሙዚቃ በእሳቸው ዘንድ ማጭበርበር ነው። ቫዮሊኑ ማላዘን ሲጀምር ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ይቀንሱና "እስቲ አሁን ያለ አጃቢ ያስፈራራን" ብለው ይጠብቃሉ። በር ሲጢጥ ሲል የሚያዝኑት ለማጠፊያው ነው፤ ይህን ሁሉ ክፍል የያዘ ቤት እንዴት ጠብታ ዘይት ያጣል?

ከሁሉ የሚያንጨረጭራቸው ግን ሌላ ነው። የፊልሙ ሰዎች ድምፅ ይሰማሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ቤቱን ለመፈተሽ ይበታተናሉ።

"ይኸው! 'አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ' ተባባሉ! ምናለ ተያይዘው ቢሄዱ? ምን አጣደፋቸው?" ብለው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። "የሚሞተው ሁልጊዜ ብቻውን የሄደው ነው። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም።"

እውነተኛው መለኪያቸው ስፌቱ ነበር። እማማ ፊልም የሚያዩት እየሰፉ ነው፤ እጅን አጣጥፎ ማየት ስንፍና ነው ብለው ያምናሉ። ፊልሙ ተራ ከሆነ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ደህና ፊልም ሲገኝ ግን ክሩ አንድ ቦታ ላይ ከመስመሩ ይወጣና ተጣሞ፣ ዞሮ ይመለሳል። አንድ ቀን የባንኩ ሠራተኛ ያሳጠረውን ሱሪ ይዞ ተመልሶ መጣ።

"እማማ፣ ይቺ ምንድናት? እባብ የሄደበት መስላለች እኮ።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩለት። "እሷ ጋ ሴትየዋ መጋረጃውን ገለጠችዋ! እኔ ምን ላድርግ?"

"ፈርተው ነው?"

"እኔ? ጨርቁ ነው የፈራው።"

ፈትቼ ልስፋልህ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ባንክ ቤት ሄዶ እግሩን አንስቶ ለባልደረቦቹ ማሳየት ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በጠርዙ መተያየት ጀመረ፤ "የኔዋ የመስተዋቱ ፊልም ናት"፣ "የኔዋ የጓዳው" ይባባላል። አንዳንዱማ ሱሪውን ሰጥቶ "እማማ፣ ዛሬ ጥሩ ፊልም ይኑር" ብሎ ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው የእህታቸው ልጅ ናት። ዛሬ ከከተማው ማዶ ባለ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት ታድላለች። ያደገችው ግን እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በስተግራ ባለች ዱካ ላይ ነው። እናቷ ከፋብሪካ እስክትወጣ ከትምህርት ቤት ወደ አክስቷ ትመጣለች፣ ቦርሳዋን ትጥላለች፣ ፊልም ይከፈታል። "አሁን መስኮቱ ይሰበራል፤ ተዘጋጂ" ይሏታል። መስኮቱ ይሰበራል። እሷም ተዘጋጅታ ትጮሃለች።

አንድ የሚገርም ነገር ነበር። ፊልሙ ጡዘቱ ላይ በደረሰ ቁጥር ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ ይወጣል። እማማ ጎንበስ ይላሉ፣ ክሩን በምራቃቸው ያረጥባሉ፣ ያሾላሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ። ጭንቅላታቸውን ሳያነሱም ይጠይቃሉ።

"ምን ሆነ?"

"ያዘቻት፣ አክስቴ!"

"ከዚያስ?"

"ጎተተቻት።"

"ሄደች?"

"ሄዳለች።"

ያኔ ክሩ ይገባል። ቀና ይሉና ስክሪኑን በንቀት አይተው "አያስፈራም" ይላሉ። ልጅቷ በዓለም ላይ እንደ አክስቷ ደፋር ያለ አይመስላትም ነበር። የምታዝነው ለመኪናው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ብልሹ መርፌ!

አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባችና ማዶ ሄደች። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ ቀጥሎ ሲመቻት። እየቆየ "በዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ" የምትለው ነገር መምጣቱን ራሱን ተካላት። ክፉ ሆና አይደለም። ተረኛ ትሆናለች፣ ይደክማታል፣ መንገዱ ይዘጋጋል። ደግሞም አክስቷን የሚያህል ጀግና ብቻውን ይሆናል ብላ አትሰጋም።

ሕሊናዋ ሲቆረቁራት መላ ዘየደች። ባሏ በሥራው ምክንያት በእማማ ሰፈር ያልፋል። የሚጠብና የሚያጥር ልብስ በፌስታል አድርጋ፣ አዲስ አስፈሪ ፊልም የተጫነበት ፍላሽ ውስጡ ጣል አድርጋ ትልክላቸዋለች። ልብሱ ተሰፍቶ ይመለሳል፤ ፍላሹ እዚያው ይቀራል።

"ምን አለች?" ትለዋለች ባሏን።

"አያስፈራም አሉ።"

ጠርዙን ገልብጣ ታያለች፤ ቀጥ ያለ ነው። ነገሩ እልህ አስያዛት። ከቀድሞው የባሰ ፊልም ፈልጋ ትልካለች። ሱሪው ቀጥ ብሎ ይመለሳል፣ መጋረጃው ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ባሏ "አክስትሽ እጃቸው እንዴት ተሻሽሏል ባክሽ!" እያለ ያደንቃል። እሷም አብራው ታደንቃለች።

በመጨረሻ ከሥራ ባልደረባዋ አንድ ፊልም አገኘች። ባልደረባዋ ካየችው ወዲህ ወደ መድኃኒት ማከማቻው ብቻዋን አልገባም ብላ ሰው አስቸግራለች። ይሄስ እማማን ይነቀንቃቸዋል ብላ፣ ለማሳጠር ከፈለገችው አዲስ ጋዋን ጋር ላከችው። ጋዋኑ ተመለሰ። ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። መልእክቱም ያው ነው፤ "አያስፈራም።"

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ቁም ሣጥኗን ከፍታ ድሮ አክስቷ አጠገብ ተቀምጣ ያሰፋቻቸውን ልብሶች አወጣች። ሁሉም የሆነ ቦታ ላይ ተጣመዋል። ማዶ ከመጣች ወዲህ የተሰፉትን አወጣች። አንድም የተጣመመ የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ክምር ስታይ፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ "ምን ሆነ?" ባንዴ ገባት። ስንት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት እያየች እጅ ተሻሻለ ብላ መደሰቷ አንገበገባት።

በእረፍት ቀኗ ከምሳ በኋላ ሳትናገር ሄደች። እማማ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ አበባ ባለው ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጨርቁ ላይ ተሰፍተው ያለቁ ልብሶች ተደርድረዋል። ዱካዋ ቦታዋ ላይ አለች። የላከቻቸው ፍላሾች በአዝራር ጣሳው ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ጋር ተቀላቅለው ተኝተዋል።

"የመጨረሻውን አየሽው፣ አክስቴ?"

"አይቼዋለሁ። አያስፈራም።"

"ማን ነው የሞተው?"

እማማ አልተደናገጡም። "ብቻውን የሄደው ነዋ!"

መልሱ ትክክል ነበር፤ ለየትኛውም ፊልም ትክክል ነው። ልጅቷ መሳቅ ፈልጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አክስቷ ይህን ሲያዩ መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩት።

"ምን ታስለቅሺኛለሽ? ብቻዬን እንዴት ልየው? ክሩ ሲወጣ ማን ይነግረኛል?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? በስተርጅና ፈራሁ ልበልሽ? ሰፈሩ ስም አውጥቶልኝ!"

ልጅቷ ልብሶቹን አነሳች፣ ጨርቁን ገፈፈች፣ ፊልሙን ከፈተች። ዱካዋ አንሳታለች፤ ጉልበቷ እስከ አገጭዋ መጣ። እማማ ከቦርሳዋ ያወጣችውን አሮጌ ጋዋኗን ተቀብለው መዘምዘም ጀመሩ። ቫዮሊኑ አላዘነ፣ ድምፁ ተቀነሰ። የፊልሙ ሰዎች ተበታተኑ፣ ተሰደቡ። በሩ ሲከፈት ክሩ ከመርፌው ወጣ።

"ምን ሆነ?"

እማማ ክሩን እንደገና አርጥበው ሞከሩ፤ ሳቱ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነ?"

"አላየሁም" አለች፤ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። ማዶ ከሄደች ወዲህ እሷም ያለ አክስቷ አንድ አስፈሪ ፊልም አላየችም፤ ድፍረቱ ከልምዱ ጋር ጠፍቷል።

ሁለቱም ሳያዩት አለፈ። ተሳሳቁ። ፊልሙ ግማሹ ሲቀር ስልኳ ጮኸ፤ ባሏ ነው፣ እንግዶች መጥተዋል። ጋዋኗን አጣጥፋ ተነሳች።

"በዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

"እሺ፣ የኔ ልጅ" አሉ እማማ፤ ይህችን ቃል ከለመዷት ቆይተዋል።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። በመስኮቱ ውስጥ እማማ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አበባማውን ጨርቅ ሲያለብሱት፣ ጠርዙን በመዳፋቸው ሲያስተካክሉት ታዩዋት። ክንዷ ላይ ያለውን ጋዋን ገለጥ አደረገች። ከጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጥቶ፣ ተጣሞ፣ ዞሮ ተመልሷል።

ተመልሳ በሩን ከፈተች።

"ምን ረሳሽ?"

"ማን እንደሞተ ሳላይ ልሂድ እንዴ?"

"ብቻውን የሄደው ነው አልኩሽ እኮ" አሉ እማማ፣ አፍታ ሳይቆዩ ያለበሱትን ጨርቅ መልሰው እየገፈፉ።